በመስክ ያዩትን ዝንጀሮ፣ ጦጣ ወይም ጉሬዛ በአካላዊ ምልክቶቹ ለይቶ የመመደብ አሠራር

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በኢትዮጵያ ደጋና ቆላ የሚያያቸውን ጭላዳዎች፣ ዝንጀሮዎች፣ ጦጣዎችና ጉሬዛዎች በሳይንሳዊው አመዳደብ የት እንደሚገቡ በራሱ ዓይን አረጋግጦ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ነው። ተማሪዎቹን ይዞ ወደ መስክ የሚወጣ የባዮሎጂ መምህር፣ እንግዳ የሚያጅብ አስጎብኚ፣ የአካባቢውን የዱር እንስሳት መዝግቦ ማቆየት የሚፈልግ ነዋሪ ሊጠቀምበት ይችላል። ሰውን ጨምሮ እነዚህን እንስሳት ሁሉ፣ እንዲሁም የማዳጋስካር ሌሙሮችን፣ ጎሪላንና ቺምፓንዚን የሚያቅፈው የአጥቢዎች ክፍለ መደብ ፕራይሜት ይባላል፤ በዓለም ላይ ከ500 የሚበልጡ ሕያው ዝርያዎች አሉት።

ብዙ ሰው ለመለየት ሲነሣ መጀመሪያ የሚያየው ቀለምን ነው፤ ቀለም ግን ከምልክቶች ሁሉ አሳሳቹ ነው። የጉሬዛ ግልገል ሲወለድ መላ አካሉ ነጭ ነው፤ የእናቱን ጥቁርና ነጭ መልክ የሚይዘው ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ነው። ወንዱ ሐማድርያስ ዝንጀሮ ሲጎለምስ ብርማ ጎፈር ያወጣል፣ ሴቷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ቡናማ ሆና ስለምትኖር፣ በቀለም ብቻ የሚመራ ሰው የአንድን መንጋ ወንድና ሴት እንደ ሁለት ዝርያ ሊመዘግባቸው ይችላል። ስለዚህ እዚህ የቀረበው አሠራር ከሰፊው ምድብ ተነሥቶ በአጥንት፣ በእጅ፣ በአፍንጫ፣ በጥርስና በአመጋገብ ምልክቶች ደረጃ በደረጃ ወደ ጠባቡ የሚወርድ ነው፤ ቀለም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ቅድመ ዝግጅት

አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር፣ ማስታወሻ ደብተር፣ እርሳስ፣ ቢቻል ካሜራ፣ ለሌሊት ምልከታ ደግሞ የእጅ ባትሪ ይያዙ። ለአብዛኞቹ ዝርያዎች አመቺው ሰዓት ማለዳ ነው። በተለይ ጭላዳዎች ሌሊቱን በገደል ላይ አድረው ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሣሩ ሜዳ ስለሚወጡ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ ወይም በደብረ ሊባኖስ አካባቢ ከገደሉ አፋፍ ፈንጠር ብሎ የሚጠብቅ ሰው ወጥተው ተቀምጠው ሲግጡ በደንብ ያያቸዋል።

እንስሳው መብላቱን አቁሞ እርስዎን ማየት ከጀመረ ከሚገባው በላይ ቀርበዋል ማለት ነውና ወደ ኋላ ይመለሱ። ምግብ መስጠት በምንም ምክንያት አይገባም። ሰው ሲመግበው የለመደ ዝንጀሮ ወይም ጦጣ ምግብ መንጠቅ ይጀምራል፤ መጨረሻውም ከገበሬው ጋር መጋጨት ነው። ከዚህም ሌላ፣ በሥጋ ዝምድና ቅርባችን ስለሆኑ ሳምባ ነቀርሳንና ጉንፋንን የመሰሉ በሽታዎች ከሰው ወደ እነርሱ፣ ሌሎች ደግሞ ከእነርሱ ወደ ሰው ሊተላለፉ ይችላሉ። ያመመው ሰው ለምልከታ ባይወጣ ይመረጣል።

አንደኛ እርምጃ፦ አጥቢ መሆኑን ማረጋገጥ

ይህ እርምጃ በሕይወት ባለ እንስሳ ላይ አያስቸግርም። ሰውነቱ ጠጉር ካለውና ግልገሉ ጡት ሲጠባ ከታየ አጥቢ ነው። ያገኙት የራስ ቅል ብቻ ከሆነ የታችኛውን መንጋጋ ይመልከቱ፤ የአጥቢዎች የታችኛው መንጋጋ በእያንዳንዱ ጎን አንድ አጥንት ብቻ ሲሆን፣ የእንሽላሊትና የአዞ ግን ከበርካታ አጥንቶች የተገጣጠመ ነው። ጥርሶቹም የፊት ጥርስ፣ ክራንቻ፣ ቅድመ መንጋጋና መንጋጋ ተብለው በቅርጽ የተለያዩ ይሆናሉ።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ፕራይሜት መሆኑን ማረጋገጥ

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ፕራይሜትን ከሌሎች አጥቢዎች ለይቶ በአንድ ጊዜ የሚያሳውቅ ነጠላ ምልክት የለም። ቡድኑ የሚታወቀው በምልክቶች ስብስብ ነው፤ ስለዚህ ቀጥለው የተዘረዘሩትን አብረው ይፈትሹ።

ከዓይኖቹ ይጀምሩ። የፕራይሜት ዓይኖች ወደ ፊት የሚያዩ ናቸው፤ የሁለቱ ዓይኖች እይታ ስለሚደራረብም እንስሳው ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ርቀቱን በትክክል ይለካል። በራስ ቅሉ ላይ ይህ የሚታወቀው የዓይን ጎድጓዳውን ከውጭ በኩል በሚከብበው አጥንት ነው። እንደ ውሻና ድመት ባሉ እንስሳት ያ ቀለበት ሳይገጥም ይቀራል። በዝንጀሮ፣ በጦጣና በሰው ግን ቀለበቱ መግጠሙ ብቻ ሳይሆን፣ የጎድጓዳው ጀርባ ራሱ በአጥንት የተዘጋ ነው።

ቀጥሎ እጅና እግሩን ይመልከቱ። በአብዛኞቹ ፕራይሜቶች በእጅም በእግርም አምስት አምስት ጣቶች አሉ፤ የጣቶቹ ጫፍ በሾለ ጥፍር ፈንታ እንደ እኛ በጠፍጣፋ ጥፍር ይሸፈናል፣ መዳፉም የጣት አሻራ መስመሮች አሉት። የእግር አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ተለይቶ ቅርንጫፍ መጨበጥ ይችላል፤ በዚህ ረገድ ከሕያዋን ፕራይሜቶች የተለየው ሰው ነው፤ የእኛ እግር ለመራመድ ስለተበጀ አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ጋር ጎን ለጎን ተሰልፏል። ይህ ልዩነት ለቅሪተ አካል ጥናትም ከፍተኛ ዋጋ አለው። በመካከለኛው አዋሽ አራሚስ የተገኘችውና 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት አርዲ በሁለት እግር መሄድ ትችል የነበረ ቢሆንም፣ የእግሯ አውራ ጣት ገና ቅርንጫፍ የሚጨብጥ ነበር፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ ዝርያ ግን እግሩ ለመሬት ጉዞ የተስተካከለ ነበር። ወደ መስክ መውጣት ያልቻለ መምህር ተማሪዎቹን አዲስ አበባ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ወስዶ ስለ አጥንትና ስለ አረማመድ የሚለውን ትምህርት እዚያ ሊሰጥ ይችላል።

ሌሎቹ ምልክቶች አንጎሉ ከሰውነቱ መጠን አንጻር ትልቅ መሆኑ፣ ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ መውለዷ፣ ግልገሉም ከእናቱ ጋር ረጅም ጊዜ እየተማረ ማደጉ ናቸው። ግልገሉ የእናቱን ጠጉር ጨብጦ ሆዷ ላይ ወይም ጀርባዋ ላይ ተንጠልጥሎ ሲሄድ ካዩ፣ የሚጨብጥ እጅ መኖሩን ሳይጠጉ አረጋግጠዋል ማለት ነው።

በዚህ እርምጃ የሚያደናግረው በድንጋይ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ የምናየው ሽኮኮ ነው። ጥፍሮቹ ጠፍጠፍ ያሉ ስለሆኑ በጥፍር ብቻ የሚፈርድ ሰው ሊሳሳት ይችላል። ነገር ግን ዓይኖቹ በጎን በኩል ናቸው፣ የፊት እግሩ አራት፣ የኋላው ሦስት ጣቶች ብቻ አሉት፣ አንዱም ጣት መጨበጥ አይችልም፤ የቅርብ ዘመዱም ዝሆን ነው። ፕራይሜት የሚለውን ስም በ1758 እ.ኤ.አ. ለዚህ ቡድን የሰጠው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እንኳ የሌሊት ወፍን ከእነ ሰውና ከእነ ጦጣ ጋር መድቦ እንደነበር ሲታሰብ፣ ምልክቶችን በአንድነት የማየቱ ነገር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ግልጽ ይሆናል።

ሦስተኛ እርምጃ፦ አፍንጫው እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ?

ፕራይሜቶች በመጀመሪያ የሚከፈሉት በሁለት ታላላቅ ጎራዎች ነው። አንደኛው ጎራ የአፍንጫው ጫፍ እንደ ውሻ አፍንጫ እርጥብና ጠጉር አልባ የሆነው ሲሆን፣ ሌሙሮችን፣ ሎሪስ የተባሉትን ቀስ ብለው የሚንቀሳቀሱ የእስያ የሌሊት እንስሳትና ጋላጎዎችን ይይዛል። እነዚህ የታችኛው መንጋጋ የፊት ጥርሶቻቸው ወደ ፊት ተጋድመው ጠጉር የሚያበጥሩበት ማበጠሪያ ሆነዋል፤ በሁለተኛው የእግር ጣታቸውም ላይ ለማከክና ለማጽዳት የሚያገለግል አንድ ሹል ጥፍር ቀርቷል። ሁለተኛው ጎራ ደረቅ አፍንጫ ያላቸውን፣ ማለትም ታርሲየር የተባለውን ትንሽ የደቡብ ምሥራቅ እስያ የሌሊት እንስሳ፣ ጦጣዎችንና ዝንጀሮዎችን ሁሉ እንዲሁም ሰውን ያቅፋል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ጎራ ተወካይ ጋላጎ ነው። በቆላው የግራር ጫካ የሚኖር፣ በመዳፍ ላይ የሚቀመጥ የሚያህል፣ ትልልቅ ዓይንና ጆሮ ያለው፣ በኋላ እግሮቹ ተወርውሮ የሚዘል የሌሊት እንስሳ ነው። ቀን የዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚተኛ ብዙ ሰው በአቅራቢያው መኖሩን አያውቅም። በሌሊት ባትሪ ሲያበሩ ከዓይኑ ጀርባ ያለው አንጸባራቂ ሽፋን ብርሃኑን መልሶ ስለሚልክ ዓይኖቹ እንደ ፍም ያበራሉ። የድመት ዓይንም ስለሚያበራ ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ብርሃኑ ከዛፍ ወደ ዛፍ በዝላይ ከተሻገረ ግን ጋላጎ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። ባትሪውን ዓይኑ ላይ ለረጅም ጊዜ አይያዙ።

አራተኛ እርምጃ፦ የአፍንጫ ቀዳዳዎችና ጥርሶች

ደረቅ አፍንጫ ያላቸው ጦጣዎች በመኖሪያ አህጉራቸው ይለያያሉ። የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ጦጣዎች የአፍንጫ ቀዳዳዎቻቸው ተራርቀው ወደ ጎን ይከፈታሉ፤ በመንጋጋቸው እያንዳንዱ ሩብ ላይ ሦስት ቅድመ መንጋጋ ጥርሶች አሏቸው። የአፍሪካና የእስያዎቹ ግን ቀዳዳዎቹ ተቀራርበው ወደ ታች የሚያዩ ሲሆኑ፣ ቅድመ መንጋጋዎቻቸው ሁለት ሁለት ናቸው፤ የጥርሶቻቸው ድምር እንደ ሰው 32 ነው። ድምሩን ብቻ ቆጥሮ መፍረድ ግን አይገባም፤ ማርሞሴት የተባሉት ትንንሽ የአሜሪካ ጦጣዎችም 32 ጥርስ አላቸው፣ ነገር ግን ሦስቱን ቅድመ መንጋጋዎች ጠብቀው ያጡት የመጨረሻዎቹን መንጋጋዎች ነው። የአገራችን ጦጣዎችና ዝንጀሮዎች በሙሉ የሁለተኛው ወገን ስለሆኑ በመስክ ይህን እርምጃ በፍጥነት ማለፍ ይቻላል።

አምስተኛ እርምጃ፦ ጭራ አለው ወይስ የለውም?

ጎሪላ፣ ቺምፓንዚ፣ ኦራንጉታን፣ ጊበንና ሰው ጭራ የላቸውም፤ ደረታቸው ሰፊ፣ ትከሻቸውም ክንድን በሁሉም አቅጣጫ የሚያዞር ነው። የአፍሪካና የእስያ ጦጣዎችና ዝንጀሮዎች ግን ጭራ አላቸው፤ መቀመጫቸው ላይም ቅርንጫፍና ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ለማደር የሚረዳቸው ጠጣር ቆዳ አለ። በሰሜን አፍሪካ የሚኖረው የባርባሪ ማካክ የተባለው ጦጣ ጭራው እጅግ አጭር ሆኖ የሌለው ስለሚመስል፣ በጥርጣሬ ጊዜ ወሳኙ የመንጋጋ ጥርስ ነው። የጦጣ መንጋጋ አራት ጉብታዎች በሁለት ትይዩ ሸንተረሮች የተያያዙበት ሲሆን፣ ጭራ አልባዎቹ ግን በታችኛው መንጋጋ ጥርሳቸው ላይ አምስት ጉብታዎች አሏቸው። ዛሬ በኢትዮጵያ ከሰው በቀር በዱር የሚኖር ጭራ አልባ ፕራይሜት የለም፤ ሆኖም በአፋር ደቡባዊ ጫፍ ጮሮራ የተገኙት፣ 8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው ጥርሶች ጎሪላን የሚመስል እንስሳ በዚህ ምድር ይኖር እንደነበር ይመሰክራሉ።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ምግቡን በጉንጩ ያከማቻል ወይስ በሆዱ ያብላላል?

ጭራ ያላቸው የአፍሪካ ጦጣዎች ሁሉ በአንድ አስተኔ (ከክፍለ መደብ በታች ባለ የምደባ ደረጃ)፣ በሰርኮፒቴሲዴ ውስጥ ቢጠቃለሉም በሁለት ንዑሳን አስተኔዎች ይከፈላሉ። ለመለየት ሲመገቡ በትዕግሥት መመልከት ያስፈልጋል። ፍሬ እየለቀመ ጉንጩን አሳብጦ ከሮጠ በኋላ ቁጭ ብሎ ቀስ እያለ የሚያኝክ ከሆነ የጉንጭ ከረጢት አለው፤ ዝንጀሮና ጦጣ ከዚህ ወገን ናቸው።

ጉሬዛ ግን የጉንጭ ከረጢት የለውም። ጨጓራው በበርካታ ክፍሎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ በውስጡ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጠንካራውን ቅጠል ያብላሉለታል፤ ለዚህም ነው አብዛኞቹ ሌሎች ጦጣዎች የማይኖሩበትን የቅጠል ምግብ ተመግቦ ረጅም ሰዓት ዛፍ ላይ ተቀምጦ የሚያርፈው። ሁለተኛውና ይበልጥ አስተማማኙ ምልክቱ እጁ ነው፤ የእጁ አውራ ጣት የለም፣ ወይም ምልክቱ ብቻ ቀርቷል። አራቱን ጣቶቹን ቅርንጫፉ ላይ እያሳረፈ ስለሚወረወር ይህ ጉድለት ሆኖ አይታይበትም። በወንዶ ገነት፣ በሐዋሳ፣ በሐረና ደንና በከፋ ጫካዎች በጎኖቹ የሚወርደውን ረጅም ነጭ ጠጉርና የጭራውን ነጭ ጉንጉን ማየት ይቻላል። ይህ እንስሳ ከዛፍ ተለይቶ ስለማይኖር ደኑ ሲመነጠር አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጉሬዛን በሚመዘግቡበት ገጽ ላይ የዛፉን ዓይነትና የደኑን ሁኔታ ሳይጽፉ አይለፉ።

ሰባተኛ እርምጃ፦ የጉንጭ ከረጢት ያላቸውን መለየት

የመለየቱ ሥራ ከሁሉም የሚከብደውና ከሁሉም የሚያስደስተው እዚህ ላይ ነው።

መሬት ላይ የሚውል፣ ጎፈር ያለው ትልቅ እንስሳ ካዩ በቅድሚያ ጭላዳን ከእውነተኛዎቹ ዝንጀሮዎች ይለዩ። ፊቱን ከጎን ይመልከቱ። የዝንጀሮ አፍ እንደ ውሻ አፍ ወደ ፊት ሾጥጦ የአፍንጫ ቀዳዳዎቹ ጫፉ ላይ ይሆናሉ፤ የጭላዳ ፊት ግን አጠር ብሎ ቀዳዳዎቹ ከጫፉ ወደ ኋላ ሸሽተው ወደ ላይ ከፍ ብለዋል። ከዚያ ደረቱን ይመልከቱ፤ ጠጉር የሌለውና ቀይ የሆነ ቆዳ ካለ ጭላዳ ነው፤ በሴቷ ደረት ዙሪያ ደግሞ እንደ ጨሌ የተደረደሩ ጉብታዎች ይታያሉ። ጭላዳ አብዛኛውን ቀን ተቀምጦ ስለሚግጥ መቀመጫው ከእይታ የተሰወረ ነው፤ ሌሎች ዝንጀሮዎች በመቀመጫቸው የሚያሳዩትን ምልክት እርሱ በደረቱ ያሳያል የሚለው ማብራሪያ በተመራማሪዎች ዘንድ ተደጋግሞ የሚነሣ ነው።

እጁም ከምግቡ ጋር የተስማማ ነው። የሌባ ጣቱ አጭር ስለሆነ ከአውራ ጣቱ ጋር ጫፍ ለጫፍ ይገናኛል፤ ሣሩን ዘለላ በዘለላ እየነቀለ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ያስገባል፣ አጠገቡ ያለውን ሲጨርስም ሳይነሣ በመቀመጫው እየተንሸራተተ ወደ ፊት ይሄዳል። በዓለም ላይ ካሉት ፕራይሜቶች ዋና ምግቡን ሣር አድርጎ የሚኖር ይህ ብቻ ነው፤ የሚገኘውም በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ ነው። ወንዱ 18 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ሴቷ 11 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናሉ። በዓባይና በሰሜን ካሉት ተለይቶ ከስምጥ ሸለቆው ወዲያ በአርሲ የሚኖር ሕዝብም ስላለው፣ የታየበትን ቦታ በትክክል መጻፍ ለንዑስ ዝርያው አመዳደብ ይጠቅማል።

ደረቱ ላይ ቀይ ቆዳ ከሌለና የአፍንጫው ቀዳዳ ጫፉ ላይ ከሆነ እንስሳው ፓፒዮ የተባለው ወገን (ከአስተኔ በታች፣ ከዝርያ በላይ ያለ የምደባ ደረጃ) ነው። አኑቢስ ዝንጀሮ ፊቱ ጥቁር፣ ጠጉሩ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቡናማ ሲሆን፣ ጭራው ከሥሩ ቀና ብሎ ወጥቶ እንደተሰበረ እጥፍ ብሎ ይወርዳል። ሐማድርያስ በአፋርና በሐረርጌ ደረቅ ቆላ የሚኖር፣ ከቀይ ባሕር ማዶ በየመንና በሳዑዲ ዓረቢያም የሚገኝ ነው፤ ፊቱና መቀመጫው ሮዝ ነው፣ ጭራውም ሳይሰበር በለሰለሰ ቅስት ይወርዳል። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ግን ሁለቱ ዝርያዎች ተገናኝተው ይዳቀላሉ፤ የዚህ አካባቢ ድቅሎች ለረጅም ዓመታት ሲጠኑ ኖረዋል። አዋሽ ላይ የሁለቱንም ምልክት ያደባለቀ ዝንጀሮ ያየ ሰው በግድ አንዱን መምረጥ የለበትም፤ «ፓፒዮ፣ ድቅል ሳይሆን አይቀርም» ብሎ መጻፉ ትክክለኛው መዝገብ ነው።

እንስሳው አነስ ያለ፣ ቀጠን ያለና ጎፈር የሌለው ከሆነ ከጦጣዎቹ ነው። በየወንዙ ዳርና በየከተማው አጠገብ የምናየው የተለመደው ጦጣ ክሎሮሴበስ ከተባለው ወገን ሲሆን፣ ፊቱ ጥቁር፣ ግንባሩ ላይ ነጭ መስመር ያለው ነው። ጉንጩ ላይ ያለው ነጭ ጠጉር ረጅም ከሆነ ግሪቬት፣ እጅና እግሩ እንዲሁም የጭራው ጫፍ ጥቁር ከሆነ ቬርቬት ሊሆን ይችላል። ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምሥራቅ ባሉት የባሌና የሲዳማ ደጋ ደኖች የሚኖረው የባሌ ጦጣ የዚሁ ወገን ዘመድ ነው፤ ጠጉሩ ወፍራም፣ ጢሙ አጭርና ነጭ ነው፣ የሚኖረውም በዋናነት በቀርከሃ ቅጠል ነው። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ በመሆኑና ቀርከሃው በመመንጠሩ ለአደጋ የተጋለጠ ነው። ይህን እንስሳ ያየ ሰው ቦታውንና ቁጥሩን መዝግቦ ለፓርኩ ወይም በአካባቢው ላሉ ተመራማሪዎች ቢያደርስ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል።

የደቡብ ምዕራብ ደኖች ሰማያዊ ጦጣና ደ ብራዛ ጦጣ አሏቸው። ደ ብራዛ በግንባሩ ብርቱካናማ ቀለምና በረጅም ነጭ ጢሙ በቀላሉ ይታወቃል። በምዕራቡ ቆላ ሣር ሜዳ የሚኖረው ፓታስ ጦጣ ደግሞ ቀላ ያለ ጠጉርና ረጃጅም እግሮች አሉት፤ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሮጥ ከፕራይሜቶች ሁሉ ፈጣኑ ነው።

ስምንተኛ እርምጃ፦ የምደባውን ሰንሰለት መጻፍ

ምልክቶቹ ከተሟሉ ስሙን ከላይ ወደ ታች ይጻፉ። ለጭላዳ እንዲህ ይሆናል፦ መደብ አጥቢ፤ ክፍለ መደብ ፕራይሜት፤ አስተኔ ሰርኮፒቴሲዴ፤ ወገን ቴሮፒቴከስ፤ ዝርያ ቴሮፒቴከስ ጌላዳ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ይህን ዝርያ በ1835 እ.ኤ.አ. ሲገልጸው ከማካኮች ወገን አድርጎት ነበር፤ ቴሮፒቴከስ የተባለው የራሱ ወገን የተሰጠው በ1843 ነው። በአንድ ወቅት በአፍሪካ በርካታ የቴሮፒቴከስ ዝርያዎች ነበሩ፣ ቅሪተ አካላቸውም ይገኛል፤ ዛሬ የቀረው ጭላዳ ብቻ ነው።

ከእያንዳንዱ ደረጃ ጎን ያንን ደረጃ የወሰኑበትን ምልክት ይጻፉ፤ ለምሳሌ «ወገን ቴሮፒቴከስ፦ ቀይ ደረት፣ ወደ ኋላ የሸሸ የአፍንጫ ቀዳዳ»። ምልክቱን ካላዩት ከዚያ በታች አይውረዱ። በጭጋግ ውስጥ ጭራና የጉንጭ ከረጢት ብቻ ያየ ሰው «ሰርኮፒቴሲዴ» ብሎ ቢያቆም መዝገቡ ሙሉ ነው፤ በግምት የተጻፈ የዝርያ ስም ግን ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ሰው ያሳስታል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቦታውን ስምና ከፍታ፣ የመንጋውን ግምታዊ ብዛት፣ ወንድ፣ ሴትና ግልገል መኖራቸውን፣ ሲበሉ የታየውንም ምግብ ያክሉ። ፎቶ ካነሡ አንዱ የፊቱ የጎን ገጽታ፣ አንዱ የደረቱ፣ አንዱ የጭራው ቢሆን ሌላ ሰው ምደባውን እንደገና ሊፈትሸው ይችላል።